ባሻ ፒዮ የገፈፉት ባንዲራ

ዶንጎክ መንደር ውስጥ ባንዲራ ዘቅዝቆ የሰቀለ ሰው ቁርሱን በሰላም አይበላም። ሻምበል ባሻ ፒዮ ዶንግቾል ጎህ ሲቀድ መሰላላቸውን ተሸክመው ይወጣሉ። በየበሩ፣ በየሱቁ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ቀና እያሉ ያያሉ። በባንዲራው መሃል ካለው ክብ ቀዩ ወደ ታች ወርዶ ሰማያዊው ላይ ወጥቶ ካገኙት አለቀ፣ በሩ ይደበደባል።

«እናንተ ቤት! አገር ዘቅዝቃችሁ ነው የምትተኙት?»

«ኧረ ባሻ፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት እኮ ነው!»

«እና? ባንዲራ የቢሮ ሰዓት አለው?» ይሉና ራሳቸው መሰላሉን አቁመው፣ ራሳቸው ወጥተው፣ ራሳቸው አስተካክለው ይወርዳሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። የቤቱ ሰውዬ በውስጥ ልብሱ ወጥቶ መሰላሉን ከታች ይዞ፣ በሆዱ እየረገማቸው፣ በዚያው ደግሞ ወድቀው እንዳይሞቱበት ይጸልያል።

እንዲህ ስላችሁ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። በዓል ባለፈ ማግስት ሰው ቆሻሻ ውስጥ የጣለውን ባንዲራ እየለቀሙ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። የሚተኮሰውን በካውያ ይተኩሳሉ፣ የተቀደደውን ደግሞ ጓሮ ወስደው ንጹሕ ጣሳ ውስጥ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያቃጥሉታል። ዝናብ ካካፋ የሰውን ሁሉ ባንዲራ ሊያወርዱ መንደሩን ይዞሩታል። ሚስታቸው ቦንሱን በር ላይ ቆማ ትጮኻለች።

«እኔ ታምሜ ሆስፒታል ስገባ እንኳ እንዲህ አልሮጥክልኝም!»

«አንቺን ዝናብ አያበላሽሽም!» ይላሉ፣ ዞር ሳይሉ።

የባሻ ዋናው ሥራ ግን ቀብር ላይ ነው። የወረዳው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ስድስት ሰዎች አሉት፤ ሁሉም ጡረተኛ፣ ሁሉም ጉልበቱን የሚያመው። ዘማች በሞተ ቁጥር ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው ሄደው ሳጥኑን ባንዲራ ያለብሱታል። አለቃቸው ባሻ ፒዮ ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አራት መቶ አሥራ ምናምን ሰው አልብሰዋል፤ አንዱም ላይ ጨርቁ ተጣሞ አያውቅም። ባንዲራው ከሳጥኑ ራስ ወደ እግሩ ይዘረጋል። በባንዲራው አንድ ማዕዘን ላይ ያሉት ሦስቱ ያልተቆረጡ ጥቁር መስመሮች በሟቹ ግራ ትከሻ በኩል ይውላሉ። ሳጥኑ ጉድጓድ ሊገባ ሲል ባንዲራው ይነሳል፣ ስድስቱም ወጥረው ይዘው ያጥፉታል፣ ለቤተሰቡም በሁለት እጅ ይሰጣል። አብሮ አይቀበርም፣ አብሮ አይቃጠልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬት አይነካም።

ከስድስቱ አንዱ የሆነው ጸጉር አስተካካዩ ታክ ሲያበሽቃቸው አይታክትም። «ባሻ፣ እኔ ስሞት ባንዲራው ትንሽ ቢጣመም ግድ የለኝም። ብቻ ለለቀስተኛው የሚቀርበው ሾርባ ሥጋ ይኑረው።»

«አንተ ስትሞት መጀመሪያ አንተን ነው የማቃናው» ይሉታል ባሻ። «በሕይወትህ ቀጥ ብለህ አታውቅማ።»

ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን ለምን እንዲህ እንደሆኑ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ወታደር እያሉ አብሯቸው ይተኛ የነበረ አንድ ልጅ በልምምድ ላይ ሞተ። ሳጥኑን ተሸክመው ወደ ትውልድ መንደሩ ወሰዱት። በረዶ የቀለጠበት ሰሞን ነበርና መንገዱ ጭቃ ነው። ባንዲራውን ያሰረው ሰው ላላ አድርጎ ኖሯል፤ የልጁ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። መኮንኑ ተቆጣ። የልጁ እናት ግን ወጥታ ተንበረከከችና ባንዲራውን በቀሚሷ ትጠርገው ጀመር። እየጠረገች ደግሞ መኮንኑን «ይቅርታ ጌታዬ፣ ደጃችን ቆሻሻ ሆኖ ነው፣ ይቅርታ» ትለዋለች። ልጇ ሞቶባት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ! ያን ቀን ባሻ በእጄ ያለ ባንዲራ ዳግመኛ እንዲህ አይወድቅም ብለው ማሉ፤ ከዚያ ወዲህ እንኳን ባንዲራ፣ መሐረብ ሲወድቅ አይወዱም።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ከሰው አባት ሳጥን ላይ ባንዲራ የገፈፈው።

ነገሩ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ክረምት ነበር፣ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። ቡድኑ በከተማዋ የለቅሶ አዳራሽ አንድ ኮሎኔል አልብሶ ሲወጣ ባሻ በጎን ያለውን ክፍል በር ገርበብ ብሎ አዩት። ውስጥ ሌላ ሳጥን አለ፤ ላዩ ላይ የሰፈር ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው ዓይነት ትንሽ ባንዲራ ተጥሎበታል፤ እሱም ተገልብጦ። ባሻ ሊያስተካክሉት ገቡ። ልብ በሉ፣ ሲገቡ ሊያስተካክሉት ነው። ከሳጥኑ አጠገብ የሟቹ ልጅ ማ ኦክሱን ተቀምጣለች፤ ገበያው ጥግ ላይ ያለው ኑድል ቤት የሷ ነው፣ ሁሉም ያውቃታል።

«አባትሽ የት ግንባር ነው የዘመቱት?» አሏት፣ ጨርቁን እያዩ።

«ሁሉም ጋ ነበሩ። ጥይት ተሸካሚ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ በጂገ ጥይት ተራራ ላይ ሲያወጡ፣ ቁስለኛ ሲያወርዱ ነው የኖሩት።»

ጂገ ገበሬው እንጨትና ድርቆሽ የሚሸከምበት፣ በጀርባ የሚታዘል የእንጨት መሸከሚያ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ከነጂገው ተራራ ላይ ተነዳ። ደንብ ልብስ የለው፣ ጠመንጃ የለው፣ ስሙን የጻፈለት የለ። የተረፈው ተመልሶ ማሳው ገባ።

«የምዝገባ ወረቀት አላቸው?»

«ምን ወረቀት? ትከሻቸው ላይ ጠባሳ አለ፣ እሱን ልክፈትልዎት?»

ባሻ ተቆጡ። በኋላ ራሳቸው ሲያስቡት የተቆጡት በሷ አልነበረም፤ ዓለም ሁሉ ባንዲራን እንደ ጠረጴዛ ልብስ የሚያነጥፈው መስሏቸው ነው። «ይሄ የተመዘገበ ዘማች ብቻ ነው የሚለብሰው» አሉና በግራ እጃቸው ነጩን ጓንት እንደያዙ፣ በቀኝ እጃቸው ባንዲራውን ሳብ አድርገው ከሳጥኑ ላይ አነሱት። ለቀስተኛው ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ባሻ ጨርቁን በሥርዓቱ አጥፈው ለኦክሱን ሰጧት። እሷም ተቀበለች። ምን ታድርግ? ምንም ባልለበሰ ሳጥን አስወጥታ አባቷን ተራራ ላይ ቀበረች።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጦር ሙታን መታሰቢያ ቀን ባንዲራ የማይወጣበት አንድ ቤት ቢኖር የኦክሱን ኑድል ቤት ነው። ባሻ ደግሞ በየዓመቱ ይሄዳሉ።

«ወይዘሮ ኦክሱን፣ ዘንድሮም አልሰቀልሽም?»

«የለኝም።»

«ሱቅ ሞልቷል እኮ!»

«የለኝም አልኩ እኮ ባሻ።» ሴትዮዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ድንች መላጧን ትቀጥላለች። ባሻም እልኸኛ ናት ብለው ይወጣሉ። እልኸኛ! ሰው ሲያደርገው አይታወቀውም መቼም።

ባለፈው በጋ ማብቂያ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ስለ ባንዲራ አያያዝ ትንሽ መጽሔት ሊያሳትም ፈለገና ሶል ጂዩን የምትባል ሠራተኛ ባሻን አስጠራቻቸው። የሚያውቅ ሰው ይየው ተብሎ ነው። ባሻ ከረባት አስረው ሄዱ። በቤት፣ በአደባባይ፣ በሰልፍ፣ በሐዘን ቀን ባንዲራው የራሱን ወርድ ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ሁሉን እየነገሯት እየጻፈች፣ ሳጥን ማልበስ ላይ ደረሱ።

«እዚህ ጋ ጻፊ ልጄ፤ የሚለብሰው የተመዘገበ ዘማች ብቻ ነው።»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች፣ ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። «ባሻ፣ ይሄኛው ከየት ነው የመጣው? መመሪያው ላይ አላገኘሁትም።»

«እንዴት አታገኚውም? ሕግ እኮ ነው።»

«እንዴት እንደሚለብስ ይላል። የትኛው መስመር በየት እንደሚውል ይላል፣ መሬት እንዳይነካ ይላል፣ እንዳይቀበር ይላል። ማን እንደሚከለከል ግን…»

ባሻ ሳቁ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፕላስቲክ የተለበጠች ወረቀት አወጡ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አብራቸው የኖረች ወረቀት ናት፤ በቃላቸው ስለሚያውቋት ካነበቧት ግን ዘመን የለውም። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። «ማኅበሩ በዓመት ከሚደርሰው አርባ ባንዲራ ውስጥ ከመጋዘን አውጥቶ የሚሰጠው ለተመዘገቡ ዘማቾች ብቻ ነው።»

ደግመው አነበቡት። በሦስተኛው በየቃሉ ሥር ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡት።

ጂዩን ደግ ልጅ ናት፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ይሄ እኮ ስለ ማኅበሩ መጋዘን ነው ባሻ። ሰው የራሱን ባንዲራ ገዝቶ አባቱን ቢያለብስ የሚከለክል ነገር የለውም።»

ባሻ ወረቀቷን ወደ ኪሳቸው ሊመልሱ ሞከሩ፤ ኪሱ አልገኝ አላቸው። ልጅቷ ውሃ አመጣችላቸው፣ አልጠጡም። ቤታቸው ሲደርሱ ቦንሱን ጎመን እየከተፈች ነበር። መሬት ላይ ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡና ነገሯት።

«እና ስንት ሰው ከልክለሃል?» አለቻቸው።

«አንድ።»

«ማንን?»

«ማ ቹንሶክን።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «የኦክሱንን አባት? የዛን ቀን ሳጥኑን ያለ ባንዲራ ያስወጣሃት አንተ ነህ? እኔ እኮ ባንዲራ መግዣ አጥታ መስሎኝ ነው የኖርኩት!»

«ሕጉ መስሎኝ ነው።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አሉ» አለች ቦንሱን። «አንተ ግን ጠይቄህ ስሙን ለማስታወስ ማሰብ እንኳ አላስፈለገህም። ልብህ ያውቀው ነበር ማለት ነው።»

እውነቷን ነው። ከአራት መቶ ሰው በላይ አልብሰው የብዙውን ስም ረስተዋል። ያላለበሱትን የአንዱን ግን አልረሱም። ያን ሰሞን መሰላሉ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀረ፣ ሦስት ባንዲራ ተዘቅዝቆ ሳለ በሩን ያንኳኳ የለም፤ መንደሩ ባሻ ታመሙ እያለ ያወራ ጀመር። ፈርተው ነው። ጠላት ተኩሶ ያላስፈራቸው ሰውዬ አንዲት ኑድል ሻጭ ፊት መቆም ፈሩ።

በስተመጨረሻ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ጠብቀው ሄዱ። ኦክሱን እንደማንኛውም ደንበኛ አስቀመጠቻቸው፣ ቀዝቃዛውን ኑድል በበርበሬ ከታሸው ጎመን፣ ከኪምቺው ጋር አቀረበች።

«ወይዘሮ ኦክሱን፣ ልነግርዎት የመጣሁት…» አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲሏት ኖረው ያን ቀን ነው «እርስዎ» ያሏት።

«ሰናፍጭ ይጨመር?»

«ስለ አባትዎ ነው።»

ሰናፍጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሕጉ እንደዛ አይልም ኖሯል» አሉ ባሻ። «አጣርቻለሁ። እርስዎ ልክ ነበሩ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፍልዎት ብዬ…»

«ደብዳቤ?» አለች ኦክሱን። «ለማን ላንብበው? ባሻ፣ አባቴን ለመሸፈን የነበረኝ አንድ ጠዋት ነው። አንዲት ጠዋት። እሷን ወሰዱብኝ። አሁን ተሳስቼ ነው ሲሉኝ ምን ልበል? ምንም አይደል ልበል?»

«አይበሉ።»

«እሺ፣ አልልም። ይብሉና ይሂዱ።»

ባሻ በሉ። ከፊት ለፊታቸው ቆማ እያየቻቸው ነው፤ መተውም ሌላ ስድብ መሰላቸውና ጨረሱት። ስትሸኛቸው ደህና ይዋሉ እንኳ አላለችም።

በማግስቱ ታክ ጸጉር እየቆረጠላቸው ሁሉን ሰማ። ለአንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደም። «እዚህ ተቀምጠህ ብታለቅስ ጸጉርህን ነው የምታበላሽብኝ» አላቸው። «የመከሩ በዓል ቹሶክ ደርሷል። ቅዳሜ የአባቷን መቃብር ሣር ልታጭድ ትወጣለች። ወንድሟ ቡሳን ነው፣ ብቻዋን ናት። ከሞተው ሰውዬ ፊት ሄደህ ንገራት። ሱቅ ውስጥ ይቅርታ ይሸመታል እንዴ?»

ቅዳሜ ዕለት ባሻ ደንብ ልብሳቸውን አልለበሱም። የሥራ ሱሪያቸውን አጥልቀው፣ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን በብብታቸው ይዘው ተራራውን ወጡ። ለወጣት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ለሳቸው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። የማጨጃው ሞተር ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ኦክሱን አየቻቸው፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችም። ክቡን የመቃብር ጉብታ ከነዙሪያው እያጨደች ዞረች፣ የታጨደው ሣር ሱሪያቸው ላይ እየተረጨ፣ ድንጋዩም ጫማቸውን እየመታው። ባሻ ንቅንቅ አላሉም። ስትጨርስ አጠፋችው።

«ምን ቀረዎት?» አለች።

«ላለብሳቸው ነው የመጣሁት።»

«አፈሩን?»

«አፈር አይነካም። ሁለታችን ይዘን ከላያቸው እንዘረጋዋለን። ከፈቀዱልኝ።» ካርቶኑን ከፈቱ። ትልቁ፣ ለሳጥን የሚሆነው ባንዲራ ነው፤ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ፣ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ። «የማኅበሩ አይደለም። የኔ ነው፣ ለራሴ ቀብር ያስቀመጥኩት። የመጋዘን ሕግ አይደርስበትም።»

ኦክሱን ባንዲራውን አየች፣ እሳቸውን አየች። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። እሺም አላለች፣ ብቻ መጥታ ጫፉን ያዘች።

«ራሳቸው ወደ ላይ ነው አይደል?» አሉ ባሻ። «እኔ በራስጌ እቆማለሁ። እርስዎ በግርጌ። ሦስቱ መስመር በዚህ በኩል፣ በግራ ትከሻቸው ይሁን።»

«ያኔ እኔ ያለበስኩት ተዘቅዝቆ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አስተካክለውልኝ አልሄዱም?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፣ ራሳቸውም ጠይቀው አያውቁም። አንዲት ጫፍ ይዞ ማዞር ብቻ ነበር። የአንድ ደቂቃ ሥራ። ያ ቢደረግ ኖሮ ይች ሴት በሕይወቷ ሙሉ ታመሰግናቸው ነበር።

«አላውቅም» አሉ ባሻ። «ሊያስተካክለው ነበር የገባው፣ ይሄ እርጉም እጅ።»

ባንዲራው ተዘረጋ። ለስድስት ሰው የተሰፋ ጨርቅ ነው፤ ሁለት ሰው ሲይዘው መሃሉ ይረግባል። ባሻ ሳቡ፣ ኦክሱን ሳበች፣ ጨርቁ ግን ወደ ጉብታው ዝቅ አለ። የተራራው ነፋስ ደግሞ ከሥር እየገባ ያነሳዋል፣ መልሶ ይለቀዋል።

«ይሳቡ እንጂ!» አለች ኦክሱን። «ያኔ ሲገፍፉት እኮ አንድ እጅ ነው የበቃዎት!»

ባሻ ጥርሳቸውን ነክሰው ሳቡት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ መጥረጊያ እጅ የለም። ሥርዓቱ እንደሚያዘው ከመታጠፉ በፊት የሟቹ ማዕረግና ስም ጮክ ተብሎ ይጠራል። አራት መቶ ጊዜ ጠርተውታል፤ ኮሎኔል እገሌ፣ አሥር አለቃ እገሌ። አሁን «የ…» ብለው ቆሙ። ማዕረግ የለም።

«ጥይት ተሸካሚ» አለች ኦክሱን ከግርጌ፣ በቀጭን ድምፅ። «እንደሱ ይበሉ። ሌላ እንዳይጨምሩ።»

«ጥይት ተሸካሚ!» ብለው ጮኹ ባሻ ፒዮ፤ ድምፃቸው ከማዶው ገደል ተመለሰ። «ጥይት ተሸካሚ ማ ቹንሶክ! ሦስት ዓመት ስለ አገር የተሸከሙ! ወረቀት የሌላቸው! ባንዲራ የ…» እዚህ ላይ ጨርቁን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። «ባንዲራ የተነፈጉ! የነፈግኳቸውም እኔ ፒዮ ዶንግቾል ነኝ!»

ይኸኔ ትከሻቸው ከዳቸው። ነፋሱ አንዴ ገፋ፣ ጫፉ ከጣታቸው አመለጠ፣ ባንዲራው እንዳለ ተንሳፍፎ አዲስ በታጨደው ጉብታ ላይ ተኛ። ባሻ አምላኬ ብለው ጮኸው ተወረወሩና ሊያነሱት ተንበረከኩ። ጭቃው፣ ያቺ እናት፣ ያ ቀሚስ፣ ሁሉ ባንዴ መጣባቸው። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ወደቀ! መሬት ነካ…»

«ይተዉት!» አለች ኦክሱን።

«መሬት ነክቷል እኮ!»

«አልነካም።» የእሷንም በኩል ቀስ አድርጋ ዝቅ አደረገችውና ጠርዙን በመዳፏ ዳበሰችው፣ የተኛ ሰው ብርድ ልብስ እንደሚስተካከል። «አባቴን ነው የነካው።»

የባሻ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሦስቱ መስመር በግራ ትከሻ በኩል ውለዋል። ትንሽ ተጣሟል፤ አላቃኑትም። ወደ ኋላቸው ሸሽተው ጫማቸውን አወለቁ፣ ልጅ ለአባቱ እንደሚሰግደው መጀመሪያውን ስግደት ግንባራቸው ሣሩን እስኪነካ ሰገዱ። ተነስተው ሁለተኛውን ሰገዱ። ከሁለተኛው ግን መነሳት አቃታቸው፤ እንደተደፉ ያለቅሳሉ። ኦክሱን ሄዳ በብብታቸው ገብታ፣ በሁለት እጇ ደግፋ አነሳቻቸው።